ከካዛንቺስ እስከ ፈጣን መንገዱ፦ የጎማ ነፋስ አለካክና አሞላል

የጎማ ነፋስ የሚለካው በጠዋት ነው፤ መኪናው አድሮ፣ ሞተር ሳይነሣ፣ ፀሐይም ጎማው ላይ ሳታርፍ። ካዛንቺስ ያደረ መኪና በኡራኤልና በጎተራ አድርጎ፣ ሳሪስን አልፎ ቱሉ ዲምቱ የክፍያ በር ሲደርስ ጎማው ሞቋል። እዚያ ቆሞ የሚለካ ሰው የሚያነበው ቁጥር ሙቀቱ የጨመረውንም ያካተተ ስለሆነ ያሳስተዋል። ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ሥራውን ሰፈሩ ውስጥ ይጨርስ።

መጀመሪያ ቁጥሩን ይፈልጉ። አምራቹ የወሰነው መጠን የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። የቪትዝ ባለቤቶች ግን እዚያ ፈልገው ያጡታል። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ መሪው በቀኝ ሆኖ የተሠራ መኪና ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ መሪው ወደ ግራ ዞሯል፣ ተለጣፊው ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ስለዚህ የተሳፋሪውን በር ከፍተው ይዩ። ጽሑፉ ጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ይነበባል፦ 220፣ 230፣ 240 የሚሉት በኪሎ ፓስካል ናቸው። ጎሚስታው የሚሠራው በፒ.ኤስ.አይ. ስለሆነ ለ6.9 ያካፍሉ፤ 220 ወደ 32፣ 230 ወደ 33፣ 240 ወደ 35 ይመጣል። የጎማው መጠን ተለጣፊው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ቸርኬው ተቀይሮ የሚሸጥ መኪና ጥቂት አይደለም።

ጎማው ጎን ላይ 44 ወይም 51 የሚል ጽሑፍ ካገኙ፣ ያ ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም።

ቀጥሎ የራስዎን መለኪያ ይያዙ። መርካቶ ሶማሌ ተራ በርካሽ ይገኛል፤ እኔ ባለ ቁጥር ማሳያውን ከባለ ዘንጉ እመርጣለሁ። ጎሚስታ ቤት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ይሰካል፣ ጎማውን በጫማው መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ሠላሳ አምስት አድርጌዋለሁ፣ ለሁሉም ይሆናል» ይላል። «አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ እስቲ በእኔም መለኪያ እንየው» ማለት ነውር የለውም። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ሲወድቅ የሚውል መለኪያ ሁለት ሦስት ፒ.ኤስ.አይ. ቢሳሳት አይገርምም። የራስዎም ቢሆን ፍጹም ላይሆን ይችላል፤ ግን ሁልጊዜ በአንድ መለኪያ ከለኩ ለውጡን ያያሉ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ እንደገና መሠራት ከጀመረ ወዲህ የለመዱት ጎሚስታ በቦታው ላይኖር ስለሚችል፣ በሲጋራ መለኮሻ ሶኬት የምትሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ሞልተው ሲጨርሱ ቫልቩ ጫፍ ላይ የሳሙና ውሃ ጠብ ያድርጉበት (ጎሚስታዎች ምራቃቸውን ይጠቀማሉ፣ ሥራው ያው ነው)። አረፋ እየነፋ ከወጣ ቫልቩ ያፈሳል። ክዳኑን መልሰው ይግጠሙ።

ጎማው ከሞቀ በኋላ መሙላት ግድ ከሆነብዎትስ? ከተለጣፊው ቁጥር 3 ወይም 4 አስበልጠው ይሙሉና በማግስቱ ጠዋት ያስተካክሉ። የጋለ ጎማ ላይ ቁጥሩ በዛ ብለው ነፋስ አያስወጡ፤ ሲበርድ ጎሎ ያገኙታል።

ለከተማ መንገድ የተለጣፊው ቁጥር ይበቃል። ኮብልስቶኑ እንዳያንገጫግጭ ብለው 26 እና 27 የሚያስሞሉ አሉ። ለወገብ ይመች ይሆናል፤ ጎማው ግን ጠርዝ ጠርዙን ይበላል፣ ጉድጓድ ሲመታም ቸርኬው ይጣመማል። ከመጠን በላይ የተነፋው ደግሞ መሐሉን ይጨርሳል፣ በክረምት ዝናብም ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውና 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ለ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተነደፈ መንገድ ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ያግለዋል፣ ግለቱ ውስጡን ያላቅቀዋል፤ ፍንዳታው የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ተለጣፊው ለሙሉ ጭነትና ለከፍተኛ ፍጥነት የተለየ ቁጥር ከሰጠ እሱን ይውሰዱ። አንድ ቁጥር ብቻ ካለው፣ አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲጫን እኔ 2 ፒ.ኤስ.አይ. እጨምራለሁ፤ የጎማው ጎን ላይ ያለውን ጣሪያ ግን አልነካም። ሞጆ አካባቢ ቢለኩት ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ጨምሮ ያገኙታል። ጤነኛ ነው፣ ይተዉት።

የጎማውን ዕድሜም ይዩ። ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ ጫፍ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ቢኖርም ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ይዞ ፈጣን መንገድ መግባት፣ ነፋሱ ልክ ቢሆንም፣ አልመክርም።

ከፍታውም የራሱ ሒሳብ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የከባቢ አየር ግፊቷ አነስተኛ ነው። መለኪያው ደግሞ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ያው ጎማ አዳማ ሲወርድ 1፣ አዋሽ ሰባት ሲደርስ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ያነሰ ያሳያል። የቆላው ሙቀት በአንጻሩ ይጨምርበታል፤ በየ10 ዲግሪው 1.5 ገደማ። ሁለቱ ስለሚቻቻሉ አዋሽ ያደረ ሰው ጠዋት ሲለካ ብዙ ለውጥ አያይም። የሚያሳስተው ግልባጩ ነው፦ በቀትር 35 ዲግሪ ሙቀት አዋሽ ላይ 33 የሞላ ሰው፣ በኅዳር ማለዳ ካዛንቺስ ላይ 31 ያገኘዋል።

አዲስ አበባ ቋሚ የመኪና ውድድር ትራክ ባይኖራትም ለውድድር በተዘጋ ቦታ የመንዳት ዕድል ሊገጥምዎት ይችላል። እዚያ ሕጉ ይገለበጣል፤ የሚታየው ቀዝቃዛው ሳይሆን የጋለው ቁጥር ነው። በተለጣፊው ቁጥር ይጀምሩ። ከመውጣትዎ በፊት የጎማው ጥርስ ከጎኑ በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ በጠመኔ መስመር ያስምሩ። ሦስት አራት ዙር ነድተው ይውጡና ወዲያው አራቱንም ለክተው ይጻፉ፤ እንደ ቪትዝ ፊቱ የሚስብ መኪና የፊት ጎማው የበለጠ ይግላል። ጠመኔው ወደ ጎኑ ወርዶ ከጠፋ ጎማው እየተገለበጠ ነው፣ ይጨምሩ። ጥርሱ ጠርዝ ላይ ያለው ጠመኔ ጨርሶ ካልተነካ በዝቷል፤ 1 ፒ.ኤስ.አይ. አስወጥተው ይድገሙ። የዝቅተኛ ነፋስ ፈተና ባለሙያዎችንም አሳስቷል። ሰኔ 30 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ሲልቨርስቶን የፎርሙላ አንድ ጎማዎች በየተራ ሲፈነዱ፣ አምራቹ ፒሬሊ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ቡድኖቹ ነፋሱን ከልክ በታች ማውረዳቸው ነበር።

የውድድሩን ቦታ ሲለቁ ያስወጡትን ነፋስ እዚያው ይመልሱ፤ ጎማው ገና ትኩስ ስለሆነ ከተለጣፊው ቁጥር በ4 አስበልጠው ይሙሉና ጠዋት ቤትዎ ያስተካክሉ። በዚያው አጋጣሚ ሁሉም የሚረሳውን ተጠባባቂ ጎማ ከኋላ አውጥተው ይለኩ።