ነስር፣ እርግዝና እና የሳንባ የደም ሥር

ዓለም ባንክ ስል ብድር የሚሰጠውን ሳይሆን ኮልፌ ቀራንዮ ያለውን ሰፈራችንን ማለቴ ነው። እዚያ አንዲት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን ሳል ይዟት ደም ተፋች። ሰፈሩ ወዲያው «ቲቢ ነው» ብሎ ፈረደ፤ የቡና ስኒዋም ተለየ። አክታዋ ተመርምሮ ነጻ ተባለች። ምርመራው ልክ ነበር፤ በአገራችን ደም ለተፋ ሰው ሳንባ ነቀርሳን ሳያጣሩ ማለፍ አይቻልም። ችግሩ «ነጻ» ሲባል ነገሩ እዚያው መቆሙ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ነስር ያስቸግራት ነበር፣ እናቷንም እንዲሁ። ይህንን ማንም አልጠየቃትም። ጠያቂ ልሁን ብዬ ጋዜጠኝነት የምማረው እኔም አልጠየቅኋትም! ኋላ በሲቲ ስካን የታየው ሌላ ነገር ነው።

በደህና ሳንባ ውስጥ ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገረው በጣም ቀጫጭን በሆኑ ሥሮች ነው። እዚያ ኦክስጅን ይይዛል፣ የረጋ ደምና ጀርምም ይጣራል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ሁለቱ በቀጥታ ይገናኛሉ። ስለዚህ ያልተጣራ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ወይም መግል ሊያመጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ መነሻው በዘር የሚተላለፍና ነስር የሚያበዛ ሕመም ነው፤ ለልጅ የመተላለፍ ዕድሉም ግማሽ በግማሽ ነው።

እርግዝና ደግሞ የደሙን መጠን ይጨምራል፣ የሥሮቹንም ግድግዳ ያላላል። ያ መገናኛ ይሰፋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በእንግሊዝ እነ ክሌር ሾቭሊን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት የ484 እርግዝናዎች ጥናት ከመቶ አንድ ያህሉ በእናት ሞት ተጠናቀዋል። አደጋ ከደረሰባቸው መካከል በሽታቸው አስቀድሞ የታወቀላቸው በተሻለ ሁኔታ ተርፈዋል። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። በአየር አረፋ የተመታ የጨው ውኃ በክንድ ይሰጥና ልብ በአልትራሳውንድ ይታያል። ከጥቂት ምት በኋላ አረፋው በግራ ልብ ብቅ ካለ መገናኛው አለ ማለት ነው። ሕክምናው ቀጭን ቱቦ በብሽሽት አስገብቶ ያንን ሥር መድፈን ሲሆን፣ ከአራተኛው ወር ወዲህ በእርግዝና ላይም ይሠራል፤ ለጽንሱ የሚደርሰው ጨረር ትንሽ ነው። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ ይወሰዳል። ነፍሰ ጡር ደም ከተፋች ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ጎረቤታችን በሰላም ተገላገለች። ልጅቷም ነስር ባይኖራትም ምርመራ ይጠብቃታል። ስኒው ተመልሷል።