ቶርኖዬን በሰርቮ ላስነዳ ነው፤ የትኛው ካርድ ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ቆቃ ላይ ለሽንኩርትና ለቲማቲም ገበሬዎች የውሃ ፓምፕ ዘንግ እጠግናለሁ። ትንሿን ቶርኖዬን ወደ ሲኤንሲ ልቀይራት ሁለት ሰርቮ ገዝቻለሁ። መቆጣጠሪያው ላይ ግን ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ሥራዎ ዘንግ ከሆነ ጉዳዩን የሚወስነው የብሎን ጥርስ ነው። ጥርስ ሲወጣ መቁረጫው ከስፒንድሉ ዙር ጋር እግር በእግር መሄድ አለበት። ርካሹ አርዱዊኖ ከነጂአርቢኤል ፕሮግራሙ ይህን አይችልም፤ ለእንጨት መቅረጫ ይተዉት። ማክ 3 የተባለው ፕሮግራም በአንድ ዙር አንድ ምልክት ብቻ ስለሚያነብ፣ ስፒንድሉ በዙሩ መሃል ቢዘገይ አያይም። እኔ ብሆን ሊኑክስ ሲኤንሲን ከሜሳ ካርድ ጋር እወስድና ስፒንድሉ ላይ ኢንኮደር እገጥማለሁ።

በሜሳ ካርዱ ፋንታ የድሮ ኮምፒውተር የፕሪንተር ፖርት ልጠቀም ካሉ ያስሉት፦ ቦልስክሩ በዙር 5 ሚሊሜትር ቢሄድ፣ ሰርቮው በዙር 10,000 ምት ቢጠይቅ፣ በደቂቃ 3 ሜትር ለመጓዝ በሰከንድ 100,000 ምት ያስፈልጋል። ፖርቱ አይደርስበትም። ድራይቩን በዙር 2,000 ምት ላይ ቢያስተካክሉት ግን 20,000 ይበቃል፤ አንዱ ምት 0.0025 ሚሊሜትር ነው፣ ለፓምፕ ዘንግ ይተርፋል። (የነባሩን ስክሩ ልቅነት ሰርቮ አያጠፋውም፤ ያንን በቅድሚያ ይለኩ።)

የቆቃ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ አጠገብ ቢሆኑም መብራት መቆራረጡ አይቀርም። ኮምፒውተሩን በዩፒኤስ ያስነዱ፤ የሰርቮዎቹን ኃይል ደግሞ በኮንታክተር በኩል ያሳልፉ፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቁልፍ ሳይጫኑ እንዳይነሡ።