በሁኔታዊ ቅርጸት የተገኘን የሴል ቀለም በማክሮ ማንበብ

በኤክሴል ሠንጠረዥ ከገደብ ያለፉ ልኬቶችን በሁኔታዊ ቅርጸት ቀይ አድርጎ፣ ቀዮቹን ሴሎች በማክሮ መቁጠር ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ «ኢንቲሪየር.ከለር» የተሰኘው ባሕርይ የሚመልሰው ሴሉ በቀጥታ የተቀባውን ቀለም እንጂ ሁኔታዊ ቅርጸቱ ያሳየውን አይደለም፤ ሴሉ በቀጥታ ካልተቀባ የነጭ ቁጥር 16777215 ይነበባል። ማክሮው ስሕተት ሳያመለክት ዜሮ ይቆጥራል፤ ተመራማሪውም ከገደብ ያለፈ ልኬት የለም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

በኤክሴል 2010 የተጨመረው «ዲስፕሌይፎርማት» በስክሪን የሚታየውን ቀለም ያነባል፤ ሆኖም ከሴል እንደ ቀመር በሚጠራ የተጠቃሚ ፈንክሽን ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ ቀለሙን ሳይሆን ቀለሙን ያስገኘውን ሁኔታ በ«ካውንትኢፍ» መቁጠር ይመረጣል። ገደቡ በአንድ ሴል ተቀምጦ ቅርጸቱም ቀመሩም ከዚያው ቢያነቡ፣ የሚታየውና የሚቆጠረው አይለያዩም።