ውዱን ሰንጢ እንግዛ ወይስ የሚሆነንን? ስለ ሰንጢ ብረት ደረጃዎች

ዛሬ የኒውዮርክን የቡና ዋጋ ለአንድ ቀን እናቆየውና ስለ ሌላ ሸቀጥ እናውራ፤ ስለ ሰንጢ ብረት። ቀልድ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒየን መጋዘን ኃላፊ ደውሎ «ለ30 ሠራተኞቻችን የጆንያ መክፈቻ ሰንጢ ልንገዛ ነው። ውድ ውዱን ገዝተን ብንገላገል አይሻልም?» አለኝ። የሚወጣው የገበሬ ገንዘብ ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም ላድርገው።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ ኤስ30ቪ ከሚባል ብረት የተሠራ ታጣፊ ሰንጢ አመጣልኝ። ለወራት ጆንያ ስከፍትበት፣ ሲባጎ ስቆርጥበት ስለቱ እንዳለ ነበር። ሲዶለዱም ግን ጉድ ፈላ! ቤት ባለው መሳያ ድንጋይ ብፈትገው ብፈትገው ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ደግሞ የፓሌት ሚስማር ልፈነቅልበት ስል ጫፉ ቀጭ አለ። ጥፋቱ የብረቱ ሳይሆን የእኔ ነው።

የሰንጢ ብረት የሚመዘነው በአራት ነገር ነው፦ ስለቱን ይዞ በመቆየቱ፣ ሳይሸራረፍ ጫና በመቻሉ፣ ዝገትን በመቋቋሙና በቀላሉ በመሳሉ። አራቱንም አሟልቶ የሚሰጥ ብረት የለም፤ አንዱን ሲጨምሩ ከሌላው ይቀነሳል።

ካርቦን ብረቱን ያጠነክራል። ክሮሚየም ዝገትን ይከላከላል። ቫናዲየም ከካርቦን ጋር ሲጣመር ከተራ መሳያ ድንጋይ የሚጠነክሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይፈጥራል። የእኔ ሰንጢ አልሳል ያለው ለዚህ ነው፤ የሚፈልገው የአልማዝ መሳያ ነበር።

አሁን እናወዳድር፦

👉 420ኤችሲ፦ ካርቦን 0.45 በመቶ ገደማ፣ ክሮሚየም 13። ቶሎ ይዶለዱማል፤ ግን በደቂቃዎች ይሳላል፣ ዝገትም እምብዛም አይደፍረውም።

👉 14ሲ28ኤን (የስዊድን)፦ ካርቦን 0.62፣ ክሮሚየም 14፣ ትንሽ ናይትሮጅን። ጫና ይችላል፣ በቀላሉ ይሳላል፣ አይዝግም ማለት ይቻላል።

👉 ዲ2፦ ካርቦን 1.5፣ ክሮሚየም 12 ገደማ። ስለቱ ይቆያል፤ እርጥበት ካገኘው ግን ይዝጋል።

👉 ኤስ30ቪ (እ.ኤ.አ. 2001)፦ ቫናዲየም 4 በመቶ። በ2009 የመጣው ኤስ35ቪኤን ቫናዲየሙን ወደ 3 አውርዶ ትንሽ ኒዮቢየም ጨመረ፤ በዚህም ጫና የመቻል አቅሙ ተሻሻለ።

👉 ኤም390 (የኦስትሪያ)፦ ካርቦን 1.9፣ ክሮሚየም 20፣ ቫናዲየም 4። ስለቱ በጣም ይቆያል፣ ዝገትንም ይችላል፤ ለመሳል ግን አስቸጋሪ ነው።

👉 ማግናካት (2021)፦ ክሮሚየሙ 10.7 ብቻ ነው፤ ሆኖም ዝገትን ከዲ2 እጅግ አብልጦ ይቋቋማል።

የመጨረሻው ላይ ቆም እንበል። ባለ 12 እየዛገ ባለ 10.7 እንዴት አይዝግም? በዲ2 ውስጥ ብዙ ክሮሚየም ከካርቦን ጋር ታስሯል፤ መጋዘን ውስጥ እንደተኛ ገንዘብ ቁጠሩት፣ አለ ግን አይሠራም። የማግናካቱ ነጻ ስለሆነ ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም።

ዋጋውስ ከየት ይመጣል? 50 ግራም የሚመዝን ምላጭ ላይ 4 በመቶ ቫናዲየም ማለት 2 ግራም ነው! የቫናዲየም ዋጋ እጥፍ ቢሆን እንኳ ሰንጢው ላይ ብዙም አይታይም። ገንዘቱን የሚበላው ሂደቱ ነው፦ የቀለጠውን ብረት በጋዝ በትኖ ዱቄት ማድረግ፣ በሙቀትና በግፊት መልሶ ማጣበቅ፣ ከዚያም ለመሞረድ የሚያስቸግረውን ብረት ቅርጽ ማስያዝ። ዋጋው ከፍተኛ ነው ማለት ግን ፋብሪካው አትራፊ ነው ማለት አይደለም፤ ኤስ30ቪን ያወጣው የአሜሪካው ክሩሲብል በ2024 መጨረሻ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል።

ሌላም አለ። ቀጥቃጮቻችን እንደሚያውቁት ብረቱ አንድ ሆኖ አጋጋሉና አቀዘቃዘዙ ከተበላሸ ስም ብቻ ይቀራል። በደንብ የተሠራ 14ሲ28ኤን በግዴለሽነት ከተሠራ ኤስ30ቪ ይሻላል። ስትገዙ የጥንካሬ ልኩን በሮክዌል ጠይቁ፤ ለ14ሲ28ኤን ከ58 እስከ 61 ጥሩ ነው።

ለኃላፊው የሰጠሁት መልስ ይኸው፦

✅ ለመጋዘን ሠራተኛ፦ 14ሲ28ኤን ወይም 420ኤችሲ፣ ለየመጋዘኑም አንድ መሳያ ድንጋይ። የተረፈውን ገንዘብ ለሌላ ሥራ።
✅ ጅቡቲ ወደብ ላይ ለሚሠራ፦ ዲ2 ይቅር፤ ጨዋማው አየር አይምረውም።
✅ ቀኑን ሙሉ ለሚቆርጥና የአልማዝ መሳያ ላለው፦ ማግናካት ወይም ኤም390 ገንዘቡን ያወጣል።
✅ ሚስማር ለመንቀል፦ የሚስማር መንቀያ! እኔን ያየ ይማር።

መሳያው ሳይኖር ውድ ስለት መግዛት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቡና ስንሸጥ ደረጃውን ሳናውቅ ዋጋ እንደማንቀበል ሁሉ፣ ስንገዛም ደረጃውን ከሥራችን ጋር እናስተያይ።

ነገ ወደ ቡናችን እንመለሳለን። ሰላም ዋሉ!