ውዳሴ ከንቱና ብቸኝነት

ውዳሴ ከንቱ ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ባለጸጋውንና ሊቁን ነው፤ ነገር ግን ወዳጅ በሌለው ሰው ልብም ይበቅላል። ማት ስፓይሰር የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ያቀረበው «ኢንግሪድ ጎዝ ዌስት» የተሰኘው ፊልም ይህን በሥላቅ ያሳየናል።

ኢንግሪድ እናቷ የሞተችባት ብቸኛ ሴት ናት። በኢንስታግራም ያወቀቻትን ዝነኛ ሴት ለመወዳጀት ውርሷን ይዛ ሎስ አንጀለስ ትገባለች፤ የሴቲቱንም ውሻ ሰርቃ፥ ጠፍቶ ያገኘችው በማስመሰል ትመልሳለች። ተመልካች በዚህ ይሥቃል። እኛ ግን መሣቅ አልሆነልንም፤ ወዳጅን በስርቆት የሚሻ ሰው፥ ማዕድ የሚቆርስለት እንዳጣ ይታወቃልና። እንዲህ ያለችው ልጅ ወደ ንስሓ አባቷ ብትመጣ፥ ከተግሣጹ አስቀድሞ «ከማን ጋራ ትበያለሽ?» ተብላ ልትጠየቅ ይገባል።

ተንኮሏ በተገለጠ ጊዜ፥ ኀዘኗን በስልኳ ለማታውቃቸው ሰዎች ተናዝዛ ራሷን ለማጥፋት ሞከረች። ቤት ያከራያት ዳን የተባለው ሰው ይህን አይቶ፥ እርዳታ ጠርቶ አተረፋት። በሆስፒታል ስትነቃ እርሱ ካጠገቧ ነበረ፤ እርሷ ግን ፈገግ ያለችው ብዙ ባዕዳን የጻፉላትን ባየች ጊዜ ነው። ፊልሙም በዚያች ፈገግታ ያበቃል።