ቀላል የሶላር ፓኔል፦ ለማን ይሸጣል? ለማንስ አይሸጥም?

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቡሬ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት። አንደኛው በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ሦስተኛው ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወስዳል። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። በጃቢ ጠህናንና በወንበርማ ገጠር የመብራት መስመር ያልደረሰው ገበሬ ስልኩን የሚሞላውም፣ ማታ ቤቱን የሚያበራውም በሶላር ነው። ዕቃው ከመኪና ከወረደ በኋላ የሚጓዘው በአህያ፣ በበቅሎ ወይም በሰው ትከሻ ነው።

ለዚህ ገበያ አስመጪዎች ከሚያቀርቧቸው ዕቃዎች አንዱ መስታወት የሌለው፣ በመጠኑ የሚታጠፍ ቀላል ፓኔል ነው። የተለመደው ባለመስታወትና ባለአሉሚኒየም ፍሬም 100 ዋት ፓኔል ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሲመዝን፣ ቀላሉ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ቢመዝን ነው። «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ የቀለለው ይሻላል» የሚለው የሻጭ ቃል በመጀመሪያ ሲሰማ ያሳምናል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ለብዙው ገዢ አያዋጣም።

ዋጋውን በዓመት ማካፈል

ነጋዴ ፓኔልን የሚያወዳድረው በዋት ዋጋ ነው። ገበሬው ግን የሚገዛው የዓመታት አገልግሎት ነው። ደህና ባለመስታወት ፓኔል ብዙውን ጊዜ የ25 ዓመት የኃይል ዋስትና ይዞ ይመጣል። የሚታጠፈው ዓይነት ዋስትና ግን በአብዛኛው ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ለስሌት ያህል ባለመስታወቱን 6,000 ብር፣ ቀላሉን 8,000 ብር እንበል። የመጀመሪያው 20 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 300 ብር ይሆናል። ሁለተኛው 4 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 2,000 ብር ነው። ለከባዱ ፓኔል 500 ብር ተጨማሪ የማጓጓዣ ወጪ ቢታሰብ እንኳ የዓመቱ ድርሻ ከ300 ወደ 325 ብር ከፍ ይላል እንጂ ሚዛኑን አይገለብጠውም።

የውጭ ምንዛሪውም ከሒሳቡ መግባት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በየአራት ዓመቱ የሚተካ ዕቃ የገዛ ሰው በየአራት ዓመቱ የዕለቱን ዶላር ይከፍላል።

ቶሎ የሚጎዳው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ሙቀት ነው። የሲሊከን ፓኔል ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ቀላሉ ፓኔል ከቆርቆሮ ጋር ተጣብቆ 70 ዲግሪ ቢደርስ 18 በመቶ ይጎድላል ማለት ነው። ባለፍሬሙ ከሥሩ አየር ስለሚያልፍበት የተሻለ ይቀዘቅዛል።

ሁለተኛው በረዶ ነው። በታወቀው አይኢሲ 61215 መለኪያ ፓኔል 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የበረዶ ድንጋይ በሴኮንድ 23 ሜትር ፍጥነት እየተመታ ይፈተናል። 3.2 ሚሊ ሜትር ጠንካራ መስታወት ያለው ይህን ይችላል። መስታወት የሌለው ግን የጎጃም የክረምት በረዶ ሲወርድበት፣ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሦስተኛው መታጠፉ ራሱ ነው። «ይታጠፋል» ማለት እንደ ሰሌን ይጠቀለላል ማለት አይደለም። ውስጡ ያለው ሲሊከን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። በገመድ ተጠፍሮ አህያ ጎን ላይ የተጫነ ቀላል ፓኔል ገበሬው ቤት ሳይደርስ ሊጎዳ ይችላል። በሁለት ጣውላ መካከል ተዘርግቶ መጫን ይኖርበታል።

ላዩ የተሸፈነበት ፕላስቲክም ይለያያል። ፔት የሚባለው ርካሹ ሲሆን በፀሐይ ብዛት ይቢጫል፣ ይላላጣል። ኢቲኤፍኢ የሚባለው ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜ በእጅ ሲዳሰስ ሻካራ ነጠብጣብ አለው። ቀላል ፓኔል የሚያመጣ ነጋዴ ከዚህኛው ባይወርድ ይመረጣል።

ክብደትን የሚቀንሰው አምፖሉ ነው

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የምትገኘው የሬማ መንደር ለዚህ ጥሩ ትምህርት ትሰጣለች። በ1999 ዓ.ም. ገደማ በአንድ የጀርመን የሶላር ፋውንዴሽን አማካይነት ለነዋሪዎቹ የቤት ሶላር ሲዘረጋ፣ ለአንድ ቤት የተሰጠው ፓኔል 10 ዋት ያህል ብቻ ነበር። ይህ የበቃው አምፖሎቹ ትንሽ ኃይል የሚበሉ ኤልኢዲ ስለነበሩ ነው። ከዚያው መንደር ቴክኒሻኖች መሠልጠናቸውም ለጥገና ረድቷል። የ10 ዋት ባለመስታወት ፓኔል ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ማቅለል የሚባል ጥያቄ ከመጀመሪያውም አይነሳም።

ስለዚህ ሻጩ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ምን ልታበራበት ነው?» ብሎ ነው። ባለ 3 ዋት 4 አምፖሎች ለ5 ሰዓት 60 ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ። ባለ 30 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 120፣ 3 ስልክ መሙላት ደግሞ 30 ገደማ ይወስዳል። ድምሩ 210 ነው። የ100 ዋት ፓኔል በበጋ ቀን፣ የባትሪና የሽቦ ብክነት ተቀንሶ፣ 350 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። በክረምት ደመና ከዚህ በእጅጉ ስለሚያንስ ትርፉ ያስፈልጋል። አምፖልና ስልክ ብቻ ለሚፈልግ ቤት ግን ከ20 እስከ 50 ዋት ይበቃል፤ ይህን ባለመስታወቱንም ልጅ ተሸክሞ ይወስደዋል።

ታዲያ ቀላሉ ለማን ነው?

ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው። በቀን መስኖ ላይ አውሎ ሌባ በመፍራት ማታ ፓኔሉን ቤቱ ለሚያስገባ ገበሬ፣ ለከብት ጠባቂና ለንብ አናቢ፣ በየገበያው እየዞረ ስልክ ለሚሞላ፣ በመኪና ወይም በባጃጅ ጣሪያ ላይ ለሚያስር ሰው ይጠቅማል። ሣር ክዳን ላለው ቤት እንኳ ከቀላል ፓኔል ይልቅ ግቢ ውስጥ እንጨት ተክሎ ባለመስታወቱን ማሰር ይሻላል። በዚህ አካባቢ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል አቧራውን ዝናብ ያጥበዋል።

ከመግዛት በፊት ሁለት ፈተና

አንደኛው በሜትር ነው። ርዝመቱን በስፋቱ አባዝቶ ውጤቱን በ200 ማባዛት ነው። 67 ሴንቲ ሜትር በ67 የሆነ ፓኔል 0.45 ካሬ ሜትር ነው፤ የሚሰጠው 90 ዋት ገደማ፣ ቢበዛ 100 ነው። «200 ዋት» ተብሎ ቢለጠፍበት ሐሰት ነው።

ሁለተኛው በቴስተር ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥርት ባለ ፀሐይ ለ12 ቮልት የተሠራ 100 ዋት ፓኔል ያለ ጭነት ከ20 እስከ 22 ቮልት፣ በአምፔር ሲለካ ደግሞ 5.5 ገደማ ያሳያል። የቴስተሩ ሽቦ 10 አምፔር በሚችለው ቀዳዳ መሰካት አለበት። 3 አምፔር ካሳየ የተገዛው 50 ዋት ነው። ከጭነቱ መካከል አምስት ስድስት ፓኔል አውጥቶ መለካት ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ይህ ጥንቃቄ በተለይ ለቸርቻሪው ነው። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገድ የተዘጋባቸውን ሳምንታት ያየ ነጋዴ፣ የተበላሸ ዕቃ ለማስለወጥ አዲስ አበባ መላክ ምን እንደሚያስከፍል ያውቀዋል። ገበሬው የሚያውቀው አስመጪውን ሳይሆን የሸጠለትን ሰው ነውና ኪሣራውም ስሙም እሱ ላይ ይቀራል።

ገበሬው በርበሬውንና በቆሎውን ሸጦ ገንዘብ የሚይዝበት ወቅት ከመድረሱ በፊት ዕቃ የሚያስገባ ነጋዴ እንግዲህ አብዛኛውን ገንዘቡን ከ20 እስከ 100 ዋት ባለው ባለመስታወት ፓኔል ላይ ቢያደርግ፣ ቀላሉን ደግሞ ለሚንቀሳቀሱት ደንበኞች ጥቂት ብቻ ቢይዝ ያዋጣዋል።