የጓሮ አበባና ቅጠል በበጋ ወራት፤ አቆራረጥ፣ አያያዝና አደራደር

በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ብርድና ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ነው። በዚህ ወቅት ከጓሮ የተቆረጠ አበባ ውሃውን ቶሎ ስለሚያጣ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ አንገቱን ይደፋል። ገናና ጥምቀት የሚውሉትም በዚሁ ወቅት ሲሆን በመካከላቸው ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ለገና የገዛው አበባ ወዲያው የጠወለገበት ደንበኛ ለጥምቀት ተመልሶ ለመግዛት ያመነታል። ስለዚህ አበባ ለሚሸጡ የማኅበር አባላት ዋናው ቁም ነገር ከድርደራው በፊት ያለው ሥራ መሆኑን ለማስገንዘብ እንወዳለን።

ሀ. አቆራረጥ

1. በዋዜማው ተክሉን ውሃ ማጠጣት፣ አበባውን በማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ መቁረጥ። ውርጭ ካደረ ግን ከቅጠሉ ላይ እስኪቀልጥ መጠበቅ ይገባል።

2. የተሳለና ንጹሕ ቢላዋ ወይም መቀስ መጠቀም። የደነዘ ስለት የአገዳውን የውሃ መተላለፊያ ይጨፈልቃል።

3. ጽጌረዳ የሚቆረጠው የእንቡጡ ውጫዊ ገጾች መላቀቅ ሲጀምሩ ነው። የዳሊያ እንቡጥ ግን ከተቆረጠ በኋላ ስለማይፈካ በተክሉ ላይ እንዳለ መፍካት አለበት።

4. ጽጌረዳ ሲቆረጥ በሚቀረው ቅርንጫፍ ላይ ቢያንስ 2 ሙሉ ቅጠሎች ይተዉ። የሚቀጥለው አበባ የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነው።

ለ. ውሃ ማስጠጣት

ባልዲውን ውሃ ሞልቶ ወደ ጓሮ መውሰድና አበባው እንደተቆረጠ ወዲያው መንከር ያስፈልጋል። ቤት ሲደርስ ውሃ ውስጥ የሚገቡት ቅጠሎች ይራገፉ፤ ቢቀሩ ይበሰብሱና ውሃውን ያበላሻሉ። ከአገዳው ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ተቆርጦ አበባው ለብ ባለ ውሃ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ክፍል ውስጥ ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆይ፤ ቢያድር ይመረጣል። የባሕር ዛፍ፣ የጽድና የአደስ ቅርንጫፍም በሰያፍ ይቆረጣል፤ ጫፉን በመዶሻ መቀጥቀጥ አይገባም። ፖይንሴቲያ ሲቆረጥ ወተት ያወጣል። ጫፉን ለጥቂት ሰኮንድ በፈላ ውሃ መንከር ፍሳሹን ያቆማል፤ ወተቱ ግን ዓይን እንዳይነካ ጥንቃቄ ይደረግ።

ሐ. አደራደር

በቅድሚያ ቅጠሉ ይደረደራል፤ አገዳዎቹ እርስ በርስ ሲጠላለፉ አበባውን ደግፈው ይይዛሉ። የድርድሩ ቁመት የማስቀመጫውን ቁመት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። የፈኩት ትልልቅ አበቦች ከመካከል ዝቅ ብለው፣ እንቡጦቹ ከላይና ከዳር ይግቡ። አበባ ባነሰበት ጓሮ የጥብስ ቅጠልና አደስ ቦታውን ሞልተው መዓዛ ይጨምራሉ። የሸክላ ማሰሮ ውሃ ስለሚያዣ በውስጡ ጣሳ ይቀመጥ።

ውሃው በየቀኑ ይለወጥ። ድርድሩ ከፀሐይ፣ ከከሰል ጭስና ከበሰለ ሙዝ ይራቅ፤ ከጭሱና ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ አበባን ያስረጃል።

መ. ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች

ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ሠርቶ ማሳየት ይሻላል። ከአንድ ተክል እኩል ብዛት ያላቸው አበቦች ግማሾቹ እኩለ ቀን ላይ ተቆርጠው ሳይነከሩ ይቆዩ፤ ግማሾቹ ከላይ በተገለጸው መንገድ ይያዙ። ከዚያ ሁለቱም ጎን ለጎን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጡና እያንዳንዱ ስንት ቀን እንደቆየ አባላቱ ራሳቸው ይቁጠሩ። ሙከራው ከገና ገበያ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲደረግ እንመክራለን።